ያልተገመገመችው አበባ

እንሶስላን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ሥሯ ተቀጥቅጦ እጅና እግር የሚሞቃት፣ ሙሽራዋን የምታቀላዋ እንሶስላ። እኔ ግን የማወራችሁ ስለ እሷ ሳይሆን ስለ ዘመዷ ነው። ዘመዷ ስም አልነበራትም። አሁንም የላትም፣ ከእንግዲህም የሚኖራት አይመስለኝም።

ያኔ እኔ ለትምህርት ከደሴ አርባ ምንጭ መጥቼ በዚያው የቀረሁ ሥራ ፈላጊ ነበርኩ። ያጠናሁት ዕፅዋትን ነው። ከተመረቅሁ በኋላ ሲቀላ በሚባለው የከተማው ሰፈር ከጓደኛዬ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቼ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር እውል ነበር። እናቴ በስልክ "ነይ ልጄ፣ እዚህም ሥራ አይጠፋም" ትለኛለች። እዚያም እንደሚጠፋ ሁለታችንም እናውቃለን። ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ አንድ አነስተኛ የአካባቢ ጥናት ቢሮ ለጊዜው ቀጠረኝ። አለቃችን አቶ ሰይፉ ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ መናገር ይቀለኝ ነበር።

ሥራችን ከጨንጫ በላይ ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ የሚያልፍ መንገድ ነበር። የቀበሌዋን ስም አልጠራም፣ ሰዎቿ ዛሬም በሰላም ይኖራሉና። መንገዱ ሁለት አማራጭ ነበረው። አንዱ በላይ በኩል የቀርከሃውን ጥሻ ሰንጥቆ፣ የላይ ሰፈሮችን የእንሰት ጓሮ እየቀነሰ ያልፋል። ሌላው በታች በኩል የታች ሰፈሮች ውኃ የሚቀዱበትን ምንጭ ዳር ቆርጦ ይሄዳል። የላዮቹ በታች ይሂድ ይላሉ፣ የታቾቹ በላይ። የእኛ ቢሮ ደግሞ ከሁለቱ በየትኛው በኩል ቢያልፍ ተፈጥሮ ያነሰ እንደምትጎዳ አጥንቶ መስመሩን ለሚወስነው ኮሚቴ ማቅረብ ነበረበት።

አቶ ሰይፉ እኔንና ናትናኤልን ጠራን። ናትናኤል የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ወፍ ያጠና፣ ሳቂታና ነገረኛ።

"ከላይኛው ጥሻ አንዲት ወፍ፣ ከታችኛው ምንጭ አንድ ተክል ምረጡና አወዳድሩልኝ" አለን።

"ተክልና ወፍ እንዴት አድርገው ይወዳደራሉ?" አልኩት።

"በምደባና በጥበቃ ደረጃ። ኮሚቴው የሚፈልገው ይሄንኑ ነው። አጭርና ግልጽ።"

የናትናኤል ወፍ ግራጫ ናት፣ ከጅራቷ ሥር የሸክላ ቀለም አላት። ከኢትዮጵያ ውጪ የትም አትገኝም። ወንዱ ከጥሻው ውስጥ ጥርት ባለ ድምፅ ሲዘፍን ሴቷ ከጎኑ ሆና በሻካራ ድምፅ ትመልስለታለች። ሠንጠረዡ ላይ የእሷ በኩል ሞላ ብሎ አማረ፦ መደቧ ወፎች፣ ከዘማሪዎቹ ወገን፣ ቤተሰቧ ይሄ፣ ዝርያዋ ይሄ። የጥበቃ ደረጃዋ "ብዙም የማያሰጋ"።

የእኔዋ በኩል እንዲህ ይላል፦ አበባ ከሚያብቡት፣ ቤተሰቧ የእንሶስላ፣ ወገኗም የእንሶስላ፣ ዝርያዋ ባዶ። የጥበቃ ደረጃ "ያልተገመገመ"።

ምንጩ ዳር ነው ያየኋት። ቅጠሏ ከእንሶስላ ይጠብባል፣ ግንዷ ላይ ጭራሽ ያላየሁት ስስ ጸጉር አለ። ሸንተረሩን ተሻግሬ፣ በየወንዙ ዳር ወጥቼና ወርጄ ሌላ ቦታ ፈለግኋት፣ አጣኋት። ያለችው እዚያች ምንጭ ዳር ብቻ፣ አንድ ጋቢ በሚሸፍነው ቦታ ላይ ነበር። ነገር ግን አበባዋን ሳያይ ማንም አዲስ ናት ወይም አይደለችም ሊል አይችልም። እሷ ደግሞ ገና እምቡጥ ነበረች።

"ያንቺ ጎመን ስም እንኳን የላትም እኮ" ይለኛል ናትናኤል ሠንጠረዡን እያየ።

"ያንተ ዘፋኝ ስሟም ደረጃዋም ሞልቶላት ምን ጎደላት ታዲያ? ክንፍ አላት፣ ትብረር።"

"እሱስ እውነትሽን ነው። የኔዋ ጥሻው ቢቆረጥ ሌላ ጥሻ አታጣም" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አቶ ሰይፉ ግን ያየው ሠንጠረዡን ነው። "ያልተገመገመ ማለት ምንም ማለት ነው። ስለዚህ በታች ይሂድ ብለን እንጽፋለን" አለ።

ደሜ ፈላ። "ያልተገመገመ ማለትማ ትኑር ትጥፋ ማንም ዞር ብሎ አላየም ማለት ነው! ያልተመረመረ ሰው ሁሉ ጤነኛ ነው እንዴ?"

አቶ ሰይፉ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ከእኔ ጋር መጨቃጨቅ እንደሰለቸው ያስታውቃል። "እሺ፣ እንዲህ እናድርግ። ሐሙስ ኮሚቴው ቦታው ድረስ ይወጣል። አበባ አውጥታ ቆማ ካዩአትና ከእንሶስላ እንደምትለይ እዚያው ካሳየሻቸው፣ በላይ ይሂድ እላለሁ። ካልሆነ በታች። ከዚህ በላይ ምንም ማድረግ አልችልም።"

እኔም ከዚህ በላይ አልጠየቅሁም። ሰኞ ማለዳ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በዶርዜ በኩል ወደ ጨንጫ በሚወጣው መኪና ተሳፈርኩ። አርባ ምንጭ በላብ እንደተጠመቅሁ ተነስቼ ጨንጫ ስደርስ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር።

ያረፍኩት ከታች ሰፈር፣ ጋሽ ዳልኬ ቤት ነው። ጋሽ ዳልኬ ሸማኔ ናቸው፣ ከሰፈሩ ሽማግሌዎችም አንዱ። አማርኛ ሲናገሩ ወንድና ሴት ስለሚደባለቅባቸው ሲላቸው "አንቺ"፣ ሲላቸው "አንተ" ይሉኛል። ልጃቸው አማኑኤል በእኔ ዕድሜ ነው፣ ጉልበተኛና ቱግ የሚል። መንገዱ በምንጩ በኩል እንዲመጣ ከማይፈልጉት የታች ሰፈር ወጣቶች ፊት ቀዳሚው እሱ ነበር።

ጋሽ ዳልኬን ምንጩ ዳር ወስጄ ተክሏን አሳየኋቸው።

"ይቺ ስሟ ማን ይባላል?"

"ቅጠል ነው።"

"በጋሞኛስ?"

"በጋሞኛም ቅጠል ነው።" ጎንበስ ብለው አሸተቷት። "ከብት አይበላውም። መድኃኒትም አይደለም። ምን ትሠራበታለህ?"

የምሠራበትን ነገርኳቸው። አበባ አውጥታ ሐሙስ ቆማ ከተገኘች ምንጩ እንደሚተርፍ፣ ካልተገኘች መንገዱ በዚህ እንደሚመጣ። ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ያን ዕለት ሽመናቸውን ትተው እሾህ ቆርጠው አመጡና ዙሪያዋን አጠሩላት። ከብት ባይበላትም ውኃ ሊጠጣ ሲመጣ ይረግጣታል ብለን ነው። ወሩ የካቲት ነበር። ውርጩ ሜዳውን አቃጥሎት፣ የምንጩን ዳር ደግሞ ከብቱ ግጦ ግጦ አፈር አድርጎት ነበር። ከእሾሁ ውስጥ ግን ሣሩ በተክሏ መሀል ማደግ ጀመረ። አጥር ሲያገኝ እንዲህ ነው ብዬ ደስ አለኝ። የዚያ ደስታዬ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አበበች።

እንዴት ልንገራችሁ። ነጭ ናት፣ እንደ እንሶስላ። ግን ጉሮሮዋ ውስጥ ሐምራዊ ሳይሆን ቢጫ አለ፣ ከኋላዋ ያለው ቀጭን ጅራት ደግሞ ቀጥ ማለቱ ቀርቶ ሁለቴ ተጠምዝዟል። ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። ናትናኤል የወፏን ድምፅ ሊቀዳ በዚያው ቀን ወጥቶ ነበርና መጥቶ በስልኩ ፎቶ አነሳት።

"ቆንጆ ጎመን ናት" አለ። ከዚያ ፈገግታውን ሰብስቦ "አዲስ ናት፣ አይደል?" አለኝ።

"ይመስለኛል።"

ከላይ ከጥሻው ውስጥ ወፉ ዘፈነ፣ ሴቷ መለሰችለት። ሁለታችንም ሰማን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሙሉ ሆኜ አላውቅም። የተማርኩት ለዚህ ነበር አልኩ። እናቴ ጋ ደውዬ "ሥራ አገኘሁ" አልኳት፣ ከወር በፊት የነገርኳትን ረስቼ።

ሐሙስ ጠዋት የነቃሁት በጩኸት ነው። የታች ሰፈር ልጆች ምንጩ ዳር ለታችኛው አማራጭ የተተከሉትን የቅየሳ ችንካሮች ነቃቅለው ወስደው ላይ ሰፈር እንሰት መሀል ተክለዋቸው ኖሯል። ኮሚቴው ሲመጣ መንገዱ በላይ የተቀየሰ እንዲመስል መሆኑ ነው። የላዮቹ ይህን አይተው ዱላና መጥረቢያ ይዘው ቁልቁል እየወረዱ ነበር። የታቾቹም ዱላቸውን ይዘው ወጡ። የሚገናኙት ምንጩ ጋ ነው፣ ሁለቱን ሰፈር የሚለየው እሱ ነውና።

ስደርስ መሀላቸው ያለው ሜዳ ጠቧል። አማኑኤል ከፊት ቆሟል። ከላዮቹ በኩል ፊት ለፊቱ የቆመው ጎልማሳ መጥረቢያ ይዟል። ሁለቱ የሚሰዳደቡትን በጋሞኛ ስለሆነ በሙሉ አልሰማሁትም፣ ግን አንዱ ካልሞተ የሚያቆሙ አይመስሉም ነበር። ሴቶች እየጮሁ ነው። አንዲት እናት ነጠላዋን አውልቃ መሬት ላይ ትደበድባለች።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ መጡ። ከላይም ከታችም፣ በየበኩላቸው እየሮጡ። ሽማግሌ ሲሮጥ ማየት ያስፈራል።

በጋሞ ምድር ያለውን ነገር ያላየ ሰው አያምነውም። ሰው ሊጋደል ሲል ሽማግሌዎች ለምለም ሣር በእጃቸው ይዘው መሀል ገብተው ይንበረከካሉ። ያንን አልፎ የሚሄድ የለም። ያለፈ ሰው ከሰው አይቆጠርም። ሣሩ ግን ለምለም መሆን አለበት፣ ከመሬት በእጅ የተነቀለ፣ ርጥብ። በደረቅ ሣር የሚሰማ የለም።

ሽማግሌዎቹ ዘወር ብለው ሜዳውን አዩ። ሜዳው ቢጫ ነው። የምንጩ ዳር አፈር ነው። እንሰቱና ቀርከሃው ዳገቱ ላይ፣ ዱላ ከያዙት ልጆች ጀርባ ነው። በዚያ ዙሪያ አረንጓዴ ነገር ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፣ በእኔ ምክንያት የታጠረው።

ማን ምን እንደሚያስብ ከሁሉ በፊት ገባኝ። ሮጬ አጥሩ ፊት ቆምኩ። ጋሽ ዳልኬ ቀድመው ደረሱ።

"ጋሽ ዳልኬ፣ እባክዎን! ይቺን አይሆንም!"

"ሌላ የለም።"

"ኮሚቴው እየመጣ ነው! አበባ አውጥታለች፣ እርስዎም ትናንት አይተዋታል! ምንጩን የምታድነው እሷ ናት!"

ጋሽ ዳልኬ አልተበሳጩም፣ አልጮሁብኝምም። ዞር ብለው ወደ ሜዳው አዩ። እኔም አየሁ። ጎልማሳው መጥረቢያውን ከትከሻው በላይ አንስቷል፣ አማኑኤል ዱላውን በሁለት እጁ ጨብጦ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዷል።

"ልጄ ነው" አሉኝ። ከዚያ በዚያው በለመዱት አንደበት፣ በልመና ድምፅ፣ "ዞር በል፣ ልጄ" አሉኝ።

ዞር አልኩ።

እሾሁን በባዶ እጃቸው ገነጣጠሉት። መዳፋቸው ደማ። የቀሩትም ሽማግሌዎች ደርሰው ጎንበስ ብለው በጭብጥ በጭብጥ ነቀሉ፣ ሣሩንም እሷንም አንድ ላይ፣ ከነሥሯ። መሬቱ ርጥብ ስለሆነ ምንም አላስቸገረቻቸውም። በጭቃ የተለወሰ ሥሯ ተንጠልጥሎ፣ ነጭ አበባዋ በጣቶቻቸው መሀል ተጨፍልቆ፣ ሮጠው መሀል ገቡና ተንበረከኩ። የላይም የታችም ሽማግሌዎች እኩል፣ ነቅለው ያመጡትን ተካፍለው፣ ሁለት እጃቸውን ከፍ አድርገው።

ጩኸቱ ቀጥ አለ። እውነት እላችኋለሁ፣ የምንጩ ውኃ ድምፅ ይሰማ ነበር። መጥረቢያው ቀስ እያለ ወረደ። አንዱ ዱላውን ጣለ፣ ሌላውም ጣለ። አማኑኤል መጨረሻ ላይ አባቱ ፊት በጉልበቱ ወደቀና ራሱን መሬት ላይ ደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እኔም ቆሜ አለቅስ ነበር። አንዲት ሴትዮ አቅፋኝ በነጠላዋ ጫፍ እንባዬን ጠረገችልኝ። "አይዞሽ እህቴ፣ አልፏል፣ አልፏል" አለችኝ።

የኮሚቴው መኪኖች ብዙም ሳይቆዩ ደረሱ። ሽማግሌዎቹ ገና ከጉልበታቸው አልተነሱም፣ ሁለቱን ወገን እያስማሙ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ አንዲት ደርባባ ሴት ናት። ከመኪናዋ ወርዳ ነገሩ ሲነገራት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "እንዴት ያለ ባህል ነው!" አለችና ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳች። ከኋላዋ የመጡትም አነሱ።

አቶ ሰይፉ ወደ እኔ መጣ። "እሺ፣ ተክሏስ የታለች?"

"በእጃቸው ናት" አልኩት።

"ማን እጅ?"

"የሁሉም።"

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ሐዘን ነው ብዬ ላምን እፈልጋለሁ። ለሰብሳቢዋ ነገራት። ናትናኤል ጣልቃ ገብቶ "እኔ ትናንት በዓይኔ አይቻታለሁ፣ ፎቶዋም ይኸው" ብሎ ስልኩን ዘረጋ። እሷም አየችው።

"ፎቶው ጥሩ ነው" አለች በትሕትና። "ግን ቦታው ላይ የለችም እኮ። ደግሞም እንደምታዩት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው የነቀሏት። ይህ ማለት ለአካባቢው ሰው ያን ያህል ዋጋ የላትም ማለት ነው።"

"ዋጋ ስለሌላት አይደለም የነቀሏት!" ብዬ ጮህኩ። "ሌላ ለምለም ነገር ስለሌለ ነው!"

"ገብቶኛል፣ የኔ እህት" አለችኝ። አልገባትም።

እርቁ ያለቀው ሁለቱም ሰፈር ኮሚቴው ያለውን ሳያንገራግር እንዲቀበል በመማል ነበር። ጋሽ ዳልኬም ከሌሎቹ ጋር ማሉ። ከዚያ ኮሚቴው ሠንጠረዡን ዘረጋ። ወፏ ስም አላት፣ ደረጃ አላት፣ ድምፅዋም ተቀድቷል። ከታች በኩል ያለው ባዶ ነው። መንገዱ በታች፣ በምንጩ ዳር እንዲሄድ ተወሰነ። የታች ሰፈር ሰው አንገቱን ደፍቶ ሰማ። መሐላ ነውና ማንም አልተነፈሰም።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ዳልኬ ወደ ቤት መጡ። የነቀሏትን ከየሽማግሌው እጅ ሰብስበው በጋቢያቸው ጫፍ ይዘዋት ነበር። ጠውልጋለች። ፊቴ አስቀመጡልኝ።

"የሚተከል ከሆነ ትከል" አሉኝ።

ክፉ ነገር ለመናገር አፌ ተከፈተ። "ያውቁ ነበር። እያወቁ ነቀሏት" አልኳቸው።

እሾህ የቀደደውን መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። "አንተ ልጅ ወልደሃል?"

"አልወለድኩም።"

"እንግዲያ ቆይ" አሉኝና ወደ ሽመና ጉድጓዳቸው ገቡ። ወዲያው የሽመናው ድምፅ ይሰማ ጀመር።

የቀረው አጭር ነው። ሥሮቿን ለሁለት ከፈልናቸው። አርባ ምንጭ ያመጣኋቸው በሙቀቱ በሰበሱ። ጋሽ ዳልኬ ከጓሯቸው የተከሏቸው ዝናብ ሲመጣ አልወጡም፣ ዘር ሳትይዝ ነበር የተነቀለችው። ካበበችው መሀል ይሻላል ያልኩትን አድርቄ ለሚያውቅ ሰው ላክሁ። መልሱ መጣ። የአበባዋ ጉሮሮ ተቀድዷል፣ ጅራቷም ተጨፍልቋል። በዚህ ሁኔታ አዲስ ዝርያ ናት ወይስ መልኳን የቀየረች እንሶስላ ናት ለማለት አይቻልም፣ ፎቶም ብቻውን አይበቃም፣ ሌላ ናሙና ይላክልን ይላል። ሌላ ናሙና! ምናልባት ተራ እንሶስላ ነበረች። ምናልባት በዓለም ላይ እሷ ብቻ ነበረች። አንጀቴን የሚያሳርረኝ መጥፋቷ ብቻ አይደለም፣ ምን እንደጠፋ አለማወቄ ነው።

መንገዱ ተሠራ። ቆፋሪ የተቀጠሩት የሁለቱ ሰፈር ወጣቶች ናቸው። የምንጩን ዳር ሲንዱት አይቻቸዋለሁ፤ ያ መጥረቢያ የያዘው ጎልማሳና አማኑኤል አንዱ በዶማ እየቆፈረ ሌላው እየዛቀ፣ እየተቃለዱ። ወፏ ደህና ናት። ጥሻዋ አልተነካም፣ ቢሮው ፎቶዋን በትልቁ አሳትሞ በምረቃው ቀን አደለ። ናትናኤል በእሷ ምክንያት አዲስ አበባ ደህና ሥራ አገኘ። አልፎ አልፎ ይደውልልኛል። ጎመን የምትለውን ቃል ከዚያ ወዲህ ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።

እኔ ያንን ሥራ ተውኩት። ዛሬ አርባ ምንጭ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በዓመት አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን አንድ አበባና አንዲት ወፍ በምደባና በጥበቃ ደረጃ አወዳድሩ የምልበት ምዕራፍ ይደርሳል። ሁሉም ሠንጠረዥ ይሠራሉ፣ ቆንጆ አድርገው ይሞላሉ። ሰሌዳው ላይ "ያልተገመገመ" ብዬ እጽፋለሁ። ይህ ቃል ምን ማለት ነው ብዬ ስጠይቃቸው "ችግር የሌለበት" የሚለኝ አይጠፋም። አንዳንዴ እርማቱን ትቼ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ እቆማለሁ።

አንባቢዬ፣ ምን ታደርጊ ነበር፣ ምን ታደርግ ነበር ብዬ አልጠይቃችሁም። ዞር ትሉ ነበር። እኔም ዛሬ ያ ቀን ቢመለስ ዞር እላለሁ። ሰው በዓይኑ ፊት ሲሞት አበባ ጠብቆ የሚቆም ሰው ከሆንኩማ ሌላ በሽታ ነው። ነገር ግን ለማጽናናት ብላችሁ "ትክክል ነው ያደረግሽው" አትበሉኝ። ትክክል ማድረጌን ማወቄ ምንም አላቀለለልኝም። ያን ለት ማንም አላጠፋም፤ ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ አለቃዬ፣ ደርባባዋ ሴትዮም ጭምር ሁሉም የየራሱን አደረገ። የምቆጣው ሰው ማጣቴ ነው መራራው።

ባለፈው ሰሞን ከላይኛው የከተማው ክፍል ከሴቻ ወደ ሲቀላ ለመውረድ ባጃጅ አስቆምኩ። ሹፌሩ አማኑኤል ነበር። አግብቶ ወልዶ አርባ ምንጭ ወርዷል።

"ቲቸር! ግቢ፣ ግቢ!" አለ በደስታ።

የፊት መስታወቱ ላይ ያቺ ወፍ ተለጥፋለች፤ ግራጫዋ፣ ከጅራቷ ሥር የሸክላ ቀለም ያላት።

"መንገዱ ሲመረቅ የሰጡን ነው" አለኝ ወደዚያ ሳይ አይቶ። "ግን ምን ወፍ ናት?"

"የእናንተ ሰፈር ወፍ ናት። ጥሻው ውስጥ የምትዘፍነው።"

"እኔ አይቻት አላውቅም!" ብሎ ከልቡ ሳቀ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ስለ ሕፃን ልጁ ነገረኝ። ጥርስ አብቅላለች። ከዚያ "አባዬ ሁሌ ይጠይቅሻል" አለኝ። "ያቺ ልጅ ዞር ባትልልኝ አንተን ዛሬ አላገኝህም ነበር ይለኛል።"

ማጅራቱን ከኋላ እያየሁ ነበር። ያሰብኩትን እነግራችኋለሁ፣ ይህን ሁሉ ያነበባችሁትም ለዚህ ነውና። "ይሄ ነው ለካ የቀረልኝ" አልኩ በልቤ። ይሄ ማጅራት፣ ይሄ ሳቅ፣ ይቺ ባጃጅ። ከአበባዋ ጋር አስተያየሁት። ደግ ልጅ ነው፣ አባት ነው፣ እኔ ግን አስተያየሁት፣ ሁሌም ባየሁት ቁጥር አስተያየዋለሁ። በራሴ አፍሬ ፊቴን ከታች ወደሚታየው ሐይቅ አዞርኩ።

ሲቀላ ደርሰን ወረድኩ። ሒሳብ አልቀበልም ብሎ እጄን መለሰው። ሊሄድ ሲል አንድ ነገር እንዳስታወሰ ሁሉ አንገቱን አውጥቶ ጠራኝ።

"ቲቸር፣ ያኔ ግን እዚያ ምንጭ ጋ ምን ነበር የምትፈልጊው?"

"አንድ አበባ።"

"አገኘሽው?"

"አግኝቼው ነበር" አልኩት።